የጥያቄ ሰዓት፦ በእንግሊዝ ምክር ቤት ሚኒስትርን የመጠየቅ ሥርዓት ታሪክ

በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1721 (ስለ እንግሊዝ አገር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስ) በሎንዶን ከተማ፣ በጌቶች ምክር ቤት፣ ቀድሞ ሎርድ ቻንስለር የነበሩት ኧርል ኩፐር ከመቀመጫቸው ተነሥተው የጊዜውን የግምጃ ቤት ሹም ኧርል ሰንደርላንድን አንድ አጭር ነገር ጠየቋቸው። ከጥቂት ወራት በፊት የደቡብ ባሕር ኩባንያ የተባለው የንግድ ማኅበር ወድቆ፣ ጌታው ከሎሌው፣ ባለርስቱ ከባልቴቷ ሳይለይ ብዙ ሰው ያፈራውን ጥሪት ከእጁ ተበትኖ አይቶት ነበርና፣ የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ሮበርት ናይት ምስጢር የሰፈረበትን መዝገብ ይዞ ባሕር ተሻግሮ መኮብለሉ በተሰማ ጊዜ የከተማው ቍጣ ከፍ ከፍ አለ። ኩፐርም የጠየቁት ይህን ነው፤ ሰውየው ብራስልስ ላይ ተይዟል የሚባለው ወሬ እውነት ነውን? ሰንደርላንድም ተነሥተው ወሬው እውነት መሆኑን ገለጹ። ነገሩ በዚህ አበቃ፤ ክርክር አልተከፈተም፤ ድምፅ አልተሰጠም። የፓርላማ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን በመዝገብ የተገኘ፣ የምክር ቤት አባል ለመንግሥት ሹም ያቀረበው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው ይላሉ።

ተጠያቂው ሹም ራሳቸው በዚያው በኩባንያው ጉዳይ ተጠርጥረው ከሳምንታት በኋላ በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ፊት ጉዳያቸው ሲታይ በድምፅ ብልጫ ነጻ መውጣታቸውን፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የግምጃ ቤቱን ሹመት መልቀቃቸውን ስናስብ፣ ይህ ተቋም በተወለደበት ቀን ጠባዩን ይዞ እንደ ተወለደ እንረዳለን። ጠያቂው ስለ ሌላ ሰው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው ስለ ሌላ ሰው ይመልሳል፤ አዳማጩ ግን የሚመለከተው የመላሹን ፊት ነው።

በዚያ ዘመን በምክር ቤት ውስጥ ድምፅ የሚሰጥበት አሳብ ሳይቀርብ አንድ አባል ተነሥቶ እንዲሁ ሊናገር አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህም ጥያቄ የተባለው ነገር በማንኛውም ደንብ ያልተጻፈ፣ ማንም ያላወጀው፣ ማንም ደግሞ ለመከልከል ምክንያት ያላገኘበት ልማድ ሆኖ፣ በክርክርና በክርክር መካከል ባለው ቀዳዳ ሾልኮ ገባ። ንጉሥ አልሰጠውም፤ ሕግ አልሠራውም። በ1783 አፈ ጉባኤው ቻርልስ ኮርንዎል ስለዚህ ልማድ ተጠይቀው በሰጡት ፍርድ፣ ማንኛውም አባል ሚኒስትርን ወይም ባለሥልጣንን የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ የተጠየቀውም ሰው እንደ ወደደ የመመለስ ወይም ያለመመለስ መብት እንዳለው ወሰኑ።

ይህ ፍርድ ለኛ አገር ሰው እንግዳ ነው። በበላ ልበልሃና በተጠየቅ ሙግት ለኖረ ሕዝብ፣ በዳኛ ፊት ቆሞ የተጠየቀ ሰው መልስ ሲያጣ ነገሩ ተፈጸመ ማለት ነው፤ ዝምታው እንደ እምነት ቃል ይቈጠርበታል፤ ዋሱም ያፍርበታል። ኮርንዎል ግን ጥያቄን ከነነፍሱ፣ ዝምታንም ከነክብሩ በአንድ ቤት አኖሯቸው። ከዚያ ወዲህ ያለፈው ዘመን ሁሉ፣ እኔ እንደማየው፣ የዚህ ዝምታ ዋጋ እየጨመረ የሄደበት ታሪክ ነው። የማስመለስ ኃይል ለጠያቂው ተሰጥቶ አያውቅም፤ ዛሬም አልተሰጠውም። የተደረገው ሌላ ነው፤ አለመመለስ በአደባባይ፣ በስም፣ በቀንና በቍጥር ተመዝግቦ ለሁሉ እንዲታይ ሆነ።

ይህ በአንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም። በ1835 አንድ ጥያቄ አስቀድሞ በዕለቱ የሥራ ወረቀት ላይ ታትሞ ወጣ፤ ይኸውም ሚኒስትሩ ሳይዘጋጅ እንዳይያዝ በደግነት የተደረገ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ጥያቄው ገና ሳይነገር ጋዜጣ አንባቢ ሁሉ እንዲያውቀው ማድረግ ነበር። በ1849 ለጥያቄዎች በሥራ ወረቀቱ ላይ የራሳቸው ቦታ ተለየላቸው። በነዚያ ዓመታት ደግሞ መንግሥት የምክር ቤቱን ጊዜ ለራሱ የሕግ ረቂቆች እየወሰደ፣ ተራው አባል የራሱን አሳብ አቅርቦ የሚከራከርበትን ቀን እያጣበበበት ሄደ። ከክርክሩ የተገፋው እንደራሴ የቀረለት በር ይህ ብቻ ስለ ሆነ ወደ ጥያቄ ሸሸ፤ በዓመት በመቶ ይቈጠር የነበረው ጥያቄም ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ በሺህ የሚቈጠር ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ይህን መሣሪያ እስከ ስለቱ ድረስ የተጠቀሙበት አየርላንዳውያን እንደራሴዎች ናቸው። በቻርልስ ፓርኔል የሚመሩት እነዚህ ሰዎች አገራቸው በእንግሊዝ ምክር ቤት መገዛቷን የማይቀበሉ ሲሆኑ፣ ምክር ቤቱን ከውጭ ማፍረስ ባይቻላቸው በገዛ ደንቡ ከውስጥ ሊያንቁት ቈረጡ። በ1881 መጀመሪያ ላይ አንድ ስብሰባ ከአርባ አንድ ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት ቀጥሎ፣ አፈ ጉባኤ ብራንድ ልማድ በሌለው ሥልጣን ክርክሩን ለመዝጋት ግድ ሆነባቸው። የጥያቄው ሰዓት ከዚሁ ትግል አልተረፈም፤ በአንዲት የአየርላንድ ወረዳ ውስጥ ስለ ታሰረ አንድ ገበሬ፣ ስለ አንድ የፖሊስ አዛዥ ጠባይ፣ ከቤቷ ስለ ተባረረች አንዲት ባልቴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚነበብ ረዥም ጥያቄ ይቀርባል፤ ሚኒስትሩ ሲመልስ ሌላው ይነሣል። አባሉ ጥያቄውን ማንበቡ ቀርቶ በወረቀቱ ላይ የታተመበትን ቍጥር ብቻ እንዲጠራ የተደነገገው በ1880ዎቹ ነው፤ ያች ትንሽ ደንብ ዛሬም አለች። በዚህ ምክንያት ዛሬ ወደ ምክር ቤቱ ሰገነት የወጣ እንግዳ አንድ እንደራሴ ተነሥቶ ቍጥር ሲጠራ፣ ሚኒስትርም ማንም ላልሰማው ጥያቄ መልስ ሲያነብብ አይቶ ይደነግጣል።

በ1902፣ በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አርተር ባልፎር ታላቁን የደንብ ለውጥ አመጡ። የጥያቄው ጊዜ ተወሰነ፤ ጊዜው ሲያልቅ ያልተደረሰበት ጥያቄ መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ተደረገ፤ በቃል እንዲመለስለት የሚፈልግ አባል ከጥያቄው አጠገብ የኮከብ ምልክት እንዲያደርግ፣ ኮከብ የሌለውም በጽሑፍ ብቻ እንዲመለስ ሆነ። ከዚያም ወዲህ አንድ አባል በቀን በቃል ሊጠይቅ የሚችለው ቍጥር ከስምንት እየወረደ በ1960 ሁለት ላይ ደረሰ። የባልፎር አሳብ የጠያቂዎችን ወንዝ መገደብ እንደ ነበረ ግልጽ ነው፤ ዳሩ ግን ግድቡ ውኃውን ወደ ሌላ መስክ አፈሰሰው። በጽሑፍ የሚመለስ ጥያቄ ቍጥሩ ያልተወሰነ፣ ጩኸትና ሳቅ የማያገኘው፣ ትዕግሥተኛና አኃዝ ወዳድ ለሆነ እንደራሴ የተመቸ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ወረዳ ስንት ሐኪም አለ፣ ለአንድ የጦር መርከብ ስንት ገንዘብ ወጣ፣ በዚህ ወኅኒ ቤት ስንት ሰው ሞተ የሚለው ሁሉ በዚህ መንገድ ይጠየቃል፤ መልሱም ሃንሳርድ በሚባለው ቃለ ጉባኤ ይታተማል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው እንዲሉ፣ በሃንሳርድ የታተመን ቃል ደግሞ ሚኒስትሩ ቢወርድ መንግሥቱም ቢለወጥ የሚመልሰው የለም።

ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚነገረው ግን ከዚህ ይለያል፤ የውጭ አገር ሰው የሚያውቀውም እሱን ብቻ ስለ ሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። በ1881 ዊሊያም ግላድስተን ከሰባ ዓመት ያለፉ አዛውንት ነበሩና፣ ዘግይተው እንዲመጡ በማሰብ ለሳቸው የሚቀርበው ጥያቄ በዝርዝሩ መጨረሻ እንዲሆን ተደረገ። ለአንድ ሽማግሌ የተደረገው ይሉኝታ ከሽማግሌው በኋላ ሥርዓት ሆኖ ቀረ፤ በኋላም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚቀርበው ጥያቄ በዝርዝሩ ውስጥ የተወሰነ ቍጥር ተሰጠው፤ ጥያቄ ሲበዛና ሲረዝም ግን ከዚያ ቍጥር ሳይደረስ ሰዓቱ ያልቅ ጀመር። በ1961 በሃሮልድ ማክሚላን ዘመን ማክሰኞና ሐሙስ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ተለየላቸው፤ በ1997 ቶኒ ብሌር ሁለቱን ቀን በአንድ ረቡዕ በግማሽ ሰዓት ጠቀለሉት። እንደራሴው ስለ አንድ ጉዳይ ለይቶ ቢጠይቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄውን ወደሚመለከተው ሚኒስትር ሊያስተላልፍበት ስለሚችል፣ ዛሬ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ጥያቄ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዕለቱ ምን ምን ቀጠሮ እንዳላቸው የሚጠይቅ ነው። ስለ ቀጠሮው ግን ማንም ደንታ የለውም፤ ወደማንም ሊተላለፍ ስለማይችል ብቻ ይጠየቃል፤ ዋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከ1989 ጀምሮ ቴሌቪዥን የገባበት ይህ የረቡዕ ግማሽ ሰዓት ለዐይን ጥሩ ትርኢት ነው፤ ስለ አንድ ጉዳይ እውነቱን ማወቅ የሚሻ ሰው ግን ሌሎቹን ቀኖች ቢከታተል ይሻለዋል።

ሌሎቹ ቀኖች እንዲህ ናቸው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በስብሰባው መጀመሪያ አንድ ሰዓት ያህል ለጥያቄ ይሰጣል፤ የገንዘብ፣ የጤና፣ የትምህርት፣ የውጭ ጉዳይና ሌሎችም ሚኒስትሮች በየአምስት ሳምንቱ ገደማ ተራቸው ይደርሳል። እንደራሴው ጥያቄውን ቀናት አስቀድሞ ጥያቄ ለሚቀበሉት የምክር ቤቱ ጸሐፊዎች ይሰጣል። እነዚህ ጸሐፊዎች የማንም ወገን ያልሆኑ፣ ቃልን እንደ ወርቅ አንጣሪ የሚመዝኑ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄው መረጃ የሚሻ ወይም ሥራ እንዲሠራ የሚያሳስብ መሆኑን፣ ክርክርና ነቀፌታ ያልተቀላቀለበት መሆኑን፣ በተጠያቂው ሚኒስትር ኃላፊነት ውስጥ የሚውል መሆኑን፣ በፍርድ ቤት የተያዘ ነገር አለመሆኑን ይመረምራሉ። ካለፈ በኋላ ዕጣ ይጣላል፤ ዕጣው የወጣላቸው በተራቸው ይታተማሉ።

በሚኒስቴሩ መሥሪያ ቤት ደግሞ በዚያው ሳምንት ሌላ ሥራ ይሠራል። ጥያቄው የሚደርሳቸው ሠራተኞች ሁለት ሦስት መስመር መልስ ይጽፋሉ፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ጠያቂው ቀጥሎ ምን ሊል እንደሚችል መተንበይ ነው፤ ሰውየው ማን ነው፣ የመጣበት ወረዳ የት ነው፣ ባለፈው ዓመት ምን ብሎ ነበር፣ የትኛው ፋብሪካ ተዘግቶበታል እያሉ ለእያንዳንዱ ሊመጣ ለሚችል ነገር መልስ አዘጋጅተው ሁሉንም በአንድ ዶሴ ጠርዘው ለሚኒስትሩ ይሰጡታል። ሚኒስትሩም በዋዜማው ሌሊት እንደ ዳዊት ደጋሚ ሲያነበንበው ያድራል። በማግሥቱ ከአፈ ጉባኤው ወንበር ወደ ኋላ ባለች ጠባብ ሥፍራ ሠራተኞቹ ተቀምጠው፣ አለቃቸው ሲጠፋበት የተጣጠፈ ቍራጭ ወረቀት በእጅ በእጅ ይሰዱለታል።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ተከታዩ ጥያቄ ነው። በወረቀት የታተመው ጥያቄ በር ማንኳኳት ብቻ ሲሆን፣ የታተመው መልስ ከተነበበ በኋላ ጠያቂው ተነሥቶ ያለ ማስታወቂያ የሚያቀርበው ሁለተኛው ጥያቄ ነው ሚኒስትሩን የሚያገኘው። የሥርዓቱ ልብ ያለው እዚህ ነው። ጥያቄ ሁሉ አስቀድሞ ቢታወቅ፣ መልስም ሁሉ በሠራተኛ ቢጻፍ፣ በምክር ቤቱ የሚነበበው ነገር ከመንግሥት ማስታወቂያ በምን ይለያል? ያልተጻፈው ሁለተኛ ጥያቄ ሚኒስትሩ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ በራሱ ልብ ያውቅ ወይም አያውቅ እንደ ሆነ በሕዝብ ፊት ይገልጠዋል።

ይህ የባዕድ አገር ተቋም ከኛ ታሪክ ጋር የተገናኘበት ጊዜ አለ። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ አገራችንን በወረረ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት በአንድ በኩል ስለ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን እየማለ፣ በሌላ በኩል ከሙሶሊኒ ጋር መጣላትን ይፈራ ነበር። በዲሴምበር 1935 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር የኢትዮጵያን ምድር ቈርሶ ለወራሪው የሚሰጥ ውል በምስጢር ተስማምተው፣ ነገሩ በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ሕዝቡ ስለ ተቈጣ ሹመታቸውን ለቀቁ። በሳቸው ቦታ አንቶኒ ኢደን ተተኩ። ከዚያ ወዲህ ለኢትዮጵያ የሚቈረቈሩ እንደራሴዎች፣ ቍጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ የጥያቄውን ሰዓት አላሳረፉትም። ለኢጣልያ የሚሸጠው የነዳጅ ዘይት ለምን አይታገድም? የኢጣልያ መርከቦች በሱዌዝ ቦይ ለምን ያልፋሉ? የመርዝ ጢስ መጣሉ ለመንግሥት ደርሶታልን? በማርች 1936 በቆረም አቅራቢያ ከነምልክቱ የተደበደበው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ጓድ ጉዳይስ ከምን ደረሰ? ሚኒስትሮቹ የሚሰጡት መልስ ብዙውን ጊዜ፣ ጉዳዩ በመመርመር ላይ ነው፣ ከሌሎች መንግሥታት ጋር እንመካከራለን የሚል ነበር።

ከነዚህ ጠያቂዎች መካከል ሁለቱን ስማቸውን ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። አንደኛው የዎልቨርሃምፕተን ምሥራቅ እንደራሴ ጂኦፍሪ ማንደር ሲሆኑ፣ ስለ መንግሥታት ማኅበርና ስለ ወራሪዎች መንግሥታት ያቀረቡት ጥያቄ ብዛት በዘመናቸው የታወቀ ነበር። ሁለተኛዋ ወይዘሪት ኤሌኖር ራትቦን ናቸው። እኚህ ሴት ከ1929 ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎችን ወክለው፣ የማንም ፓርቲ አባል ሳይሆኑ በምክር ቤቱ ተቀመጡ፤ ስለ ኢትዮጵያ፣ በኋላም ስለ እስፓንያና ከሂትለር ስለሚሸሹት ስደተኞች ሳይሰለቹ ስለ ጠየቁ ሰዎች የስደተኞች እንደራሴ ብለው ጠሯቸው። ወረቀት የታጨቀበት ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በመተላለፊያው ሲመጡ ያዩ ወጣት ሹማምንት ከዓምድ ኋላ ይሸሸጉ ነበር ይባላል። ጥያቄያቸው ኢትዮጵያን አላዳናትም፤ በ1938 መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ወረራ እንደ ሕጋዊ ግዛት እስከ ማወቅ ደረሰ። ነገር ግን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባዝ ከተማ በስደት በተቀመጡባቸው ዓመታት መንግሥት ስለ ኢትዮጵያ ያደረገውንና ያላደረገውን ሁሉ ምክንያቱን በአደባባይ እንዲናገር የተገደደው በነዚህ ጥቂት ሰዎች ነው፤ ያም ንግግር ዛሬ በሃንሳርድ ገጾች ለሚሻው ሁሉ ይነበባል።

በኛ አገር በነበረው ምክር ቤት ዘንድ ነገሩ በሌላ መልክ የተደነገገ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን ሲያቋቁም፣ ምክር ቤቶቹ ጉዳይ ኖሯቸው ሚኒስትርን መጥራት ቢያስፈልጋቸው አስቀድመው ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሊቀበሉ፣ ሚኒስትሩም ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ከስብሰባው ሊገባ እንዳይችል ደነገገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ከጠራ ሚኒስትሩ ራሱ ወይም ወኪሉ ቀርቦ፣ ሊወጣ ስለ ታሰበ ሕግ በቃል ወይም በጽሑፍ የመመለስ ግዴታ ተጣለበት። ስለ ታሰበው ሕግ እንጂ ስለ ሥራው አካሄድ የማይል ግዴታ ቢሆንም፣ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ሕዝብ በመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ እንደራሴዎች፣ ከነሱም ጋር በገቡት በወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ዘመን፣ ምክር ቤቱ ሚኒስትርን የሚጠራበት ድምፅ አገኘ ማለት ይቻላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣኖችን ጠርቶ እንዲጠይቅ በግልጽ ሥልጣን ይሰጠዋል። የአሠራሩን ልማድ ስንመለከት ግን አባላቱ ተራ በተራ ተነሥተው ጥያቄያቸውን ሁሉ ያቀርባሉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሁሉንም በአንድነት በረዥም ንግግር ይመልሳሉ። በዚህ አኳኋን የምንጠቀምበት ሥርዓት ከላይ የሥርዓቱ ልብ ያልነው ተከታይ ጥያቄ የሚገባበት ቦታ የለውም፤ የትኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንደ ታለፈ ለመለየትም አድማጭ ብርቱ ማስታወሻ ያዥ መሆን አለበት።

ወደ ሎንዶን እንመለስ። ጥያቄ ምን ያህል አስፈሪ እንደ ሆነ ከተገለጠባቸው ነገሮች አንዱ በ1938 የሆነው ነው። ወጣቱ እንደራሴ ዳንካን ሳንዲስ፣ የዊንስተን ቸርችል አማች፣ የተጠባባቂ ጦር መኮንንም የነበሩ፣ ሎንዶንን ከአየር የሚጠብቀው መድፍ እጅግ ማነሱን ከጓደኞቻቸው ተረድተው፣ በጥያቄ መልክ ያዘጋጁትን ጽሑፍ አስቀድመው ለጦር ሚኒስትሩ ለሆር ቤሊሻ ላኩላቸው። በጽሑፉ የሰፈረው አኃዝ ከምስጢር ሰነድ ጋር የተስማማ ስለ ሆነ ሚኒስትሩ ተደናገጡ፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉም ሳንዲስን አስጠርተው ምስጢሩን ያወጣላቸውን ሰው ባይናገሩ በመንግሥት ምስጢር ሕግ ሊያስቀጣቸው እንደሚችል አስጠነቀቋቸው። ሳንዲስ ወጥተው ነገሩን ለምክር ቤቱ ተናገሩ። ጕዳዩን እንዲመረምር የተሾመው ኮሚቴም የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ሥራ ስለሚናገረውና ስለሚጠይቀው ነገር በዚያ ሕግ ሊከሰስ እንደማይገባ አረጋገጠ። ስለ መድፍ የተጀመረው ነገር ለጠያቂው ጋሻ ሆኖ ተፈጸመ። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ መድፉ ማነሱም እውነት ሆኖ ተገኘ።

ትዕግሥት በዚህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ደግሞ ስኮትላንዳዊው እንደራሴ ታም ዳሊየል አሳይተዋል። በሜይ 2 ቀን 1982 በፎክላንድ ጦርነት የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ ጄኔራል ቤልግራኖ የተባለውን የአርጀንቲና የጦር መርከብ መትቶ ሲያሰጥም 323 ሰዎች ሞቱ። የመከላከያ ሚኒስትሩ መርከቡ ወደ እንግሊዝ መርከቦች እየተጠጋ ነበር ብለው ለምክር ቤቱ ተናገሩ። ዳሊየል ይህን አላመኑም። መርከቡ በየትኛው አቅጣጫ ይሄድ ነበር? በስንት ሰዓት ታየ? ትእዛዙን ማን ሰጠ? እያሉ፣ አንዱን ትልቅ ጥያቄ ወደ ትንንሽ ጥያቄዎች ሰነጣጥቀው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ጠየቁ። ባልደረቦቻቸው ሰለቿቸው፤ ጋዜጣ አፌዘባቸው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ዋሽተዋል በማለታቸውም ከስብሰባ እስከ መባረር ደረሱ። በመጨረሻ መርከቡ ፊቱን አዙሮ ወደ ምዕራብ እየሄደ እንደ ነበረ ታወቀ። በ1984 በመከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ የዳሊየልን ጥያቄዎች መልስ ያዘጋጁ የነበሩት ክላይቭ ፖንቲንግ፣ እንዲጻፍ የተፈለገው መልስ ምክር ቤቱን የሚያታልል ሆኖ ስላገኙት፣ ሁለት ሰነዶች በፖስታ አሽገው ለዳሊየል ላኩ። ተከሰሱ፤ ዳኛው ወደ ጥፋተኝነት ያዘነበለ መመሪያ ቢሰጡም የሕዝብ ዳኞቹ በ1985 ነጻ ለቀቋቸው። ረዥም ጥያቄ ያስተማራቸው ዳሊየል አንዳንድ ጊዜ የሚኒስትር ረዥም መልስ ካለቀ በኋላ ተነሥተው አንዲት ቃል ብቻ፣ ለምን? ብለው ይቀመጡ እንደ ነበር በሰፊው ይነገራል፤ ከዚህ የሚከብድ ተከታይ ጥያቄ ሲቀርብ አልሰማሁም።

ተቋሙ በዚህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ኖረ ማለት አይደለም። በ1994 አንዳንድ እንደራሴዎች ለባለሀብቶች ጥያቄ እንዲጠይቁ ገንዘብ ይቀበላሉ የሚል ክስ በጋዜጣ ወጥቶ፣ ነጋዴ መስሎ ለቀረበ ጋዜጠኛ በአንድ ሺህ ፓውንድ ለመጠየቅ የተስማሙም ተገኝተው፣ ስለ ሹማምንት ጠባይ የሚመረምር በሎርድ ኖላን የሚመራ ኮሚቴ እስከ መቋቋም ደረሰ። በመላሾቹም ወገን ከዚያ የባሰ ነገር ተገልጧል። መንግሥት ወደ ኢራቅ ስለሚላክ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ዕቃ የነበረውን መመሪያ በ1988 መጨረሻ በዝግ ካላላ በኋላ ሚኒስትሮቹ መመሪያው አልተለወጠም እያሉ ለምክር ቤቱ ሲመልሱ ኖረው ነበር፤ ዳኛው ሰር ሪቻርድ ስኮት በ1996 ባወጡት ብዙ ቅጽ ባለው ዘገባ ይህ ተጋለጠ። በተከታዩ ዓመት ምክር ቤቱ ሚኒስትሮች ትክክለኛና እውነተኛ መረጃ ለፓርላማ እንዲሰጡ፣ እያወቀ ያታለለም ሚኒስትር ሥራውን ለመልቀቅ እንዲጠበቅበት በውሳኔ ደነገገ። ከኮርንዎል ፍርድ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ የተጻፈው ይህ ውሳኔ እንኳ መዋሸትን እንጂ ዝም ማለትን አልከለከለም፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የማይገለጥ ነገር እንዳለ ተቀብሏል።

ስለዚህ ዛሬም አንድ እንደራሴ ሚኒስትሩ ያልጠየቅሁትን መለሱልኝ ብሎ ለአፈ ጉባኤው ቢያመለክት፣ የመልሱ ይዘት የአፈ ጉባኤው ኃላፊነት አይደለም የሚል ምላሽ ያገኛል። ተገልጦ የተመለሰ ጥያቄ በዚያው የስብሰባ ዘመን እንደገና አይቀርብም፤ ሚኒስትሩ አልመልስም ያለው ጥያቄ ግን ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ሊቀርብ ይችላል። ጸሐፊዎቹ ቀኑን በመዝገብ ይይዙለታል፤ እንደራሴውም ሦስት ወሩ ሲሞላ ያንኑ ጥያቄ ቃሉን ሳይለውጥ ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤታቸው ይመለሳል።